ይድረስ ለክቡር ኮፔሬክ፦ ከሰሃኔ ላይ ይውረዱልኝ

ከውች ከተማ፣ ሱቅ ሁሉ ከተዘጋበት እሁድ
ጉዳዩ፦ ከሰሃኔ ላይ እንዲነሱልኝ ስለመጠየቅ

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። የፖላንድን ብርድ ለምጄዋለሁ። በታኅሣሥ ፀሐይ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ሥራ ጨርሳ ወደ ቤቷ መግባቷንም ለምጄዋለሁ። ሊፍት ውስጥ ከማላውቀው ሰው ጋር "ጄኝ ዶብሪ" ተባብሎ ከዚያ ጣሪያ ጣሪያ ማየቱንም ተክኜበታለሁ። የቀሩኝ እርስዎ ብቻ ነዎት።

አንባቢ እንዳይደናገር መጀመሪያ ማንነትዎን ልናገር። ኮፔሬክ ማለት ያ ፀጉር የመሰለ ቀጫጭን አረንጓዴ ቅጠል ነው። አገር ቤት እንስላል እንልዎታለን። ቅጠሉ ከእርስዎ የማይለይ አንድ ዘመድ አለዎት፤ እኛ ለሁለታችሁም አንድ ስም ሰጥተን ተገላግለናል። ፖላንዶችም ብዙ አልተጨነቁም፤ እርስዎን ኮፔር፣ ዘመድዎን "የጣልያን ኮፔር" ብለው አለፉ። "ኮፔሬክ" የቁልምጫ ስምዎ ነው። እንግዲህ ፍረዱኝ፣ አገር በሙሉ የሚያቆላምጠው ቅጠል!

አገር ቤት ግን ቦታዎን ያውቁ ነበር። አረቄ ውስጥ ይገባሉ፣ ሆድ ሲነፋ ተፈልተው ይጠጣሉ፣ በቃ። ሽሮ ላይ ወጥተው አያውቁም። አያቴ እርስዎን ከጓሮ የምታስቆርጠኝ በዓመት ሁለት ሦስቴ ቢሆን ነው፤ እሱም ሰው ሲያመው።

ስለ ከተማዋም አንድ ነገር ልበል። ስሟ ሲጻፍ "ሎድዝ" ይመስላል፣ ሲጠራ ግን "ውች" ነው። ትርጉሙ ጀልባ። ጀልባ የሚያስኬድ ወንዝ ግን የላትም። እናቴን ልጅሽ የት ነው ሲሏት "ውጭ ነው" ትላለች። "ውጭ የት?" "ውች።" ጎረቤቱ የምትደብቀው ነገር ያለ መስሎት ብዙ ታምቷል። የመጣሁት ለቋንቋው ብዬ ነው፤ ለውጭ አገር ተማሪዎች ፖላንድኛ የሚያስተምረው ትምህርት ቤት እዚህ የተከፈተው በፈረንጅ 1952 ነው፤ ከአፍሪካም ከእስያም የመጣ ስንቱ ሰው ሁለተኛ አፉን የፈታው እዚሁ ነው።

እኔና እርስዎ የተዋወቅነው ወተት ቤት ነው። ያስታውሱኛል ብዬ አልጠብቅም። እነሱ "ባር ምሌችኒ" ይሉታል። እኔ "ባር" የምትለዋን ብቻ ሰምቼ ቢራ ልጠጣ ነበር የገባሁት። የመጀመሪያው ዋርሶ ውስጥ በፈረንጅ 1896 ነው የተከፈተው፤ ዛሬም መንግሥት እየደጎመው ተማሪውም ጡረተኛውም እዚያ ይበላል። ሰው ግድግዳ ላይ ያለውን ዝርዝር አንገቱ እስኪታመም ያነባል፣ ከፍሎ ደረሰኙን በመስኮት ይሰጣል፣ ከዚያ ሴትዮዋ የምግቡን ስም ጮክ ብላ እስክትጠራ ይጠብቃል። የፍርድ ቤት ቀጠሮ ነው የሚመስለው። በልቶ ሲጨርስም ሰሃኑን ራሱ ይመልሳል።

ተራዬ ደረሰ። ሰሃኑ ላይ የተቀቀለ ድንች፣ የተጠበሰ ሥጋ፣ ጥቅል ጎመን። ድንቹ ይጨሳል። ሴትዮዋ ነጭ ቆብ አድርጋለች፤ በግራ እጇ ሰሃኔን ይዛ ቀኝ እጇን ወደ አንዲት ፕላስቲክ ሳህን ሰደደች። እጇ ሲወጣ እርስዎን ጨብጧል። ድንቼ አናት ላይ ሲደርስ ደንግጬ ጮኽኩ፦ "ኖ! ኖ! ኖ!"

ይህቺን ቃል የማያውቃት የአዳም ዘር ያለ አይመስለኝም ነበር። በፖላንድኛ ግን "ኖ" ማለት "አዎና!" ማለት ነው። ሴትዮዋ ፊቷ በራ። እንዲህ አድርጎ የሚወድዎ ሰው ገጥሟት አያውቅም መሰለኝ፣ አንድ ጭብጥ ደገመችልኝ።

በነጋታው ተዘጋጅቼ ሄድኩ። ጉዱ እዚህ ጋ ነው። የፖላንድኛ ስም ሰባት ዓይነት አወዳደቅ አለው። እኛ "ለ"፣ "ከ"፣ "በ" ብለን ከፊቱ ቀጥለን የምንገላገለውን እነሱ የቃሉን ጭራ እየቆረጡ ሌላ ጭራ ይሰፉለታል። አስተማሪዬን ለምኜ የእርስዎን ስም ሰሌዳ ላይ አስጻፍኳትና እንደ ቄስ ተማሪ ወረድኩበት፦ ኮፔሬክ፣ ኮፔርኩ፣ ኮፔርኮቪ፣ ኮፔሬክ፣ ኮፔርኪየም፣ ኮፔርኩ፣ ኮፔርኩ። ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያልኩ ቆጠርኩ፣ ሰባት ሞላ። ሦስቱ "ኮፔርኩ" ናቸው፣ ሦስቱ ግን አንድ አይደሉም አለችኝ። አንድ ድምፅ ለሦስት ሥራ ምን ይሉታል ልላት ብዬ ሀ፣ ሐ እና ኀ ትዝ አሉኝ። የራሴን ገመና ከማወጣ ብዬ ተውኩት።

ብቻ "ከእርስዎ ጋር" ለማለት "ስ ኮፔርኪየም"፣ "ያለ እርስዎ" ለማለት "ቤስ ኮፔርኩ" መሆኑን ይዤ፣ መንገዱን ሙሉ እያጉተመተምኩ፣ ትራም ውስጥ አጠገቤ የነበሩት አሮጊት እስኪሸሹኝ ድረስ እየደጋገምኩ ደረስኩ። መስኮቱ ጋ ስቆም ሁለቱ ተደባለቁብኝ። "ቤስ ኮፔርኪየም!" አልኩ። "ያለ ከእንስላል ጋር" ብሎ እንደማዘዝ ነው። ሴትዮዋ እኔን አየች፣ እርስዎን አየች፣ ከተናገርኩት ግማሹን ወሰደች። የትኛውን ግማሽ እንደሆነ ያውቁታል። (የቁጥሩን ጉድማ አላነሳውም፤ ከአምስት ጀምሮ የስሙ ጭራ ስለሚቀየር ጉልበት ለመቆጠብ ስል ቲማቲም ከአራት በላይ ገዝቼ አላውቅም።)

እንግዲህ "እርስዎ" ማለቱ በዚህ ይብቃን። ፖላንዶች እንደኛው ሰው ያከብራሉ፤ ወንዱን "ፓን"፣ ሴቷን "ፓኒ" ሳይሉ አፋቸውን አይከፍቱም። "አንተ" ለመባባል ደግሞ ብሩደርሻፍት የሚባል ሥርዓት አላቸው፤ ክንድ ለክንድ ተቆላልፈው አንድ አንድ መለኪያ ጨልጠው ጉንጭ ይሳሳማሉ። እኔና አንተ ስንቴ ከአንድ ሰሃን በላን? መለኪያዬን አንስቻለሁ።

ስማ እንግዲህ። ምግባቸውን ጠልቼ እንዳይመስልህ። አከራዬ ያን ጥቁር ዳቦ የሚጋገርበትን ዱቄት በውኃ በጥብጣ ለቀናት አስቀመጠችው፤ አንድ ቀን ከትምህርት ስመለስ ቤቱ ቡሆ ቡሆ ይሸታል። ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሜ እንባዬ አቀረረ። ለካ ዡሬክ የሚሉት ሾርባ የሚሠራው ከዚያ ነው። ኮምጣጣ ነገር ላይ እንዲህ የሚሞት ሕዝብ ከእኛ ሌላ ያለ አይመስለኝም ነበር። ጎመኑን ያኮመጥጣሉ። ኪያሩን ያኮመጥጣሉ። የኪያሩ ማሰሮ ውስጥ ከነግንድህ ከነዘርህ፣ ከነጭ ሽንኩርቱ ጎን ቆመሃል፤ እሱን ምሬሃለሁ፣ እዚያ ሥራ አለህ። የማልምርህ ሳትጠራ ስትገኝ ነው።

በበጋ ቀይ ሥር በኬፊር በጥብጠው ቀዝቃዛ ሾርባ ይሠራሉ፤ መልኩ ልክ የልደት ኬክ ክሬም፣ ሮዝ። ላዩ ላይ አንተ። ኪያር በሽሚየታና አሽተው "ሚዜሪያ" ይሉታል፤ ስሙ ራሱ ችጋር ማለት ነው። አሁንም አንተ። ይህቺ ሽሚየታና የሚሏት የኮመጠጠች ክሬምም ጓደኛህ ናት፤ የትም ስትሄድ አዝላህ ነው። ሰኔ ላይ ጉሊት ወርጄ አንድ ኪሎ አዲስ ድንች ብገዛ ባለጉሊቷ ሳልጠይቃት አንድ እስር አንተን ምርቃት ጣለችልኝ። ገንዘብ ልጨምርና መልሺው ልበላት? እንዴት ተደርጎ ነው በፖላንድኛ ምርቃት የሚመለሰው?

የእሁዷን ግን አልረሳትም። በፈረንጅ 2018 በወጣው ሕግ፣ በዓመት ከሚቆጠሩ ጥቂት እሁዶች በቀር እሁድ ሱቅ ዝግ ነው። ባለቤቱ ራሱ ቆሞ የሚሸጥባት ትንሽ ሱቅ መክፈት ትችላለች፤ ይህን ያኔ ማን ነግሮኝ። ቅዳሜ ማታ ሰዉ ከተማው ሊከበብ ያለ ይመስል ዳቦ ሲሸከም እያየሁ ስስቅ ነበር። እሁድ ተነሳሁ፣ ቤት ያለችኝ ግማሽ ሽንኩርት ናት። አከራዬ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች። ፍሪዘሩን ብከፍተው ሁለት ሊትር የቫኒላ አይስክሬም! ሥዕሉ ላይ ሁለት ድቡልቡል ክሬም፣ ላያቸው ላይ እንጆሪ። የሰው ንብረት መንካት ኃጢአት ነው። ግን አንዲት ማንኪያ፣ በኋላ እነግራታለሁ ብዬ ክዳኑን አነሳሁት።

አንተ ነህ። ተከትፈህ፣ በረዶ ለብሰህ፣ እስከ አፉ ድረስ። ከሥሩ ሌላ ሳጥን አለ፣ ቸኮሌት ይላል። ከፈትኩት። አንተ ነህ።

ኋላ ስጠይቅ በየቤቱ እንዲህ ነው አሉኝ፤ ለክረምት ትከተፍና የአይስክሬም ዕቃ ውስጥ ትቀመጣለህ። እኛም በርበሬ በኒዶ ጣሳ እናስቀምጣለን፣ አልካድኩም። ነገር ግን ኒዶ ጣሳ ውስጥ ኒዶ አለ ብሎ የሚከፍት ሐበሻ የለም! ይህ ግን ሕፃን ልጅ ያስለቅሳል። እኔን ራሴን እኮ...

የገና ዋዜማንም ላንሳ። ዲሴምበር 24 ማታ ቪጊሊያ ይባላል። የመጀመሪያዋ ኮከብ ስትታይ ማዕድ ይቀርባል፤ ዐሥራ ሁለት ዓይነት ምግብ፣ ሥጋ የሌለበት። እኔም ጾመ ነቢያት ላይ ነኝ፣ ስለዚህ ደስ አለኝ፤ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለአባቶች ትቼ ጎመኑንና እንጉዳዩን ተጠጋሁ። ከጠረጴዛ ልብሱ ሥር ድርቆሽ ይነጠፋል። ጥግ ላይ አንድ ባዶ ሰሃን ይቀመጣል፣ ድንገት ለሚመጣ እንግዳ። "እንግዳ ቤት ሲገባ እግዜር ይገባል" የሚል ተረት አላቸው፤ ያገሬን ቋንቋ የሰማሁ ያህል ነው ልቤ የተነካው። ይህን እያሰብኩ ድንቹ መጣ። ባዶው ሰሃን ተቀምጦልህ ሳለ አንተ ግን ቅቤውን ተደግፈህ ከነባለቤቶቹ ጋር ገብተሃል።

አሁን ወደ ክሴ ልምጣ። ባለፈው ሳምንት አከራዬን ምሳ ጠራኋት። ሽሮ ሠራሁ። ከእናቴ የተላከች፣ ለክፉ ቀን ስቆጥባት የነበረች ሽሮ ናት። ጤፍ ስላልነበረኝ እንጀራውን በስንዴ አበላሸሁት፣ እሱን ይቅር በለኝ። ሽሮዋ ግን ሽሮ ናት፤ ድስቱ ጠረጴዛው መሃል ተቀምጦ ጠብ ጠብ ይላል። ፓኒ በእጇ ቆርሳ ቀመሰች። ዓይኗን ጨፈነች። ደገመች። "ስማችኔ፣ ባርድዞ ስማችኔ" አለች፤ እጅግ ይጣፍጣል ማለቷ ነው። ቀጥላ ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ፣ ግን የሆነ ነገር ይጎድለዋል አለች። ተነስታ ወጣች።

ስትመለስ የቫኒላውን ሳጥን ይዛለች።

ክዳኑን ከፍታ ሙሉ ጭብጥ ዘገነች። በረዶህ በጣቶቿ መሃል ይረግፋል። እጇ ድስቱ አናት ላይ ሲደርስ፣ ሳላስበው፣ ሰባቱን ሳልቆጥር፣ ከአንጀቴ ወጣ፦ "ቤስ ኮፔርኩ!"

እጇ አየር ላይ ቆመ። ዓይኗ ፈጠጠ። ሁለት ዓመት ሙሉ የቃል ጭራ ስታርመኝ የኖረች ሴት ናት። "ኮፔርኩ!" አለች። "ኮፔርኩ አለ! ልክ ነው!" ደስታዋን የምትይዝበት ጠፍቷት ሁለት እጇን አንስታ ድስቱ ላይ አጨበጨበች።

ሽሮው እንዴት ነበር? አልነግርህም።

ከሰላምታ ጋር
የድንቹ ባለቤት

ግልባጭ፦ ለሽሚየታና፣ እንድታውቀው