ጆብስ ማውሱን ከዜሮክስ ሰረቀ?

ወንድሜ፣ ፒያሳ የስቲቭ ጆብስን ዶክመንተሪ አይተን ስንወጣ «የኮምፒውተሩን ማውስም፣ ስክሪኑ ላይ የሚከፈተውንም መስኮት ከዜሮክስ ኩባንያ የሰረቀ ሌባ ነው» አልክ። ማኪያቶ የያዙት ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁልህ። ወሬው የተለመደ ነው፤ ግን ልክ አይደለም።

በ1979 እ.ኤ.አ. የአፕል ሰዎች የዜሮክስን ቤተ ሙከራ ያዩት በር ሰብረው አይደለም፤ በስምምነት ነው። ዜሮክስም ባዶ እጁን አልቀረም። አፕል ገና አክሲዮኑን ለሕዝብ ሳይሸጥ፣ ዜሮክስ 100,000 የአፕል አክሲዮን በ1 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዝቷል። በ1989 ዜሮክስ ቅጂ መብቴ ተነካ ብሎ አፕልን ከሷል፣ እውነት ነው። ፍርድ ቤቱ ግን አብዛኛውን ክስ ውድቅ አደረገው።

ማውሱንማ ዜሮክስም አልፈለሰፈውም! አሜሪካዊው ተመራማሪ ዳግላስ ኤንገልባርት በ1968 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በሰው ፊት አሳይቶታል። ደግሞ አፕል ያየውን እንዳለ አልገለበጠም። ከላይ ወደ ታች የሚዘረጋው ሜኑ እዚያው አፕል ቤት የተሠራ ነው።

ጆብስ ክፉ ሰው ነበር ካልክ አልከራከርህም። ልጁን ሊዛን «የእኔ አይደለችም» ብሎ መካዱ ተመዝግቦ ያለ ነገር ነው። ልትወቅሰው ከፈለግክ በዚህ ውቀሰው፤ እኔም አግዝሃለሁ።