እርማት፦ የሚንሸራተት ፍሪሲዮን ኬብል በማጥበቅ አይድንም

ወንድሜ፣ «ፍሪሲዮን መንሸራተት ሲጀምር ኬብሉን አጥብቁት፣ ይይዛል» ያልከው ልክ አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚያምነው ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ፍሪሲዮን ሞተሩን ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ጋር የሚያገናኝና የሚያላቅቅ ክፍል ነው። ከፔዳሉ የሚመጣው ኬብል ፍሪሲዮኑን የሚያላቅቅ እንጂ የሚያስይዝ አይደለም። ሸራውን (የፍሪሲዮኑን ዲስክ) ከቮላኖው (ከሞተሩ ጋር ከሚዞረው ከባድ የብረት ክብ) ጋር አጣብቆ የሚይዘው ስፕሪንጉ ነው። ሸራው እያለቀ ሲሄድ፣ ፔዳሉ ሳይከብድ የሚወርድባት ልቅ ቦታ ራሷ እየጠበበች ትመጣለች። በዚያ ላይ ካጠበቅከው እግርህን ፔዳሉ ላይ ጭነህ እንደመንዳት ነው፦ ኩሽኔታው (ቤሪንጉ) ስፕሪንጉን ሲገፋ ይውላል፣ መንሸራተቱም ይብሳል። ማጥበቅ የሚጠቅመው ለተቃራኒው ችግር፣ ፔዳሉን እስከ ታች ረግጠህም ማርሽ አልገባ ሲልህ ነው። ምክሩ የተምታታው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

መጀመሪያ አረጋግጥ። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ዳገት ላይ በ3ኛ ወይም በ4ኛ ማርሽ ነዳጅ ስጠው። ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቱ ካልጨመረ፣ የተቃጠለ ሽታም ከመጣ፣ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። ከዚያ ፔዳሉን በእጅህ ጫን አድርገው። ልቅ ቦታ ከሌለው ኬብሉን አላላው፤ በብዙ መኪኖች ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ይበቃል።

ተላልቶም ከተንሸራተተ ካምቢዮው ወርዶ ሸራው መቀየር አለበት። እባክህ አታዘግየው፤ ሸራው አልቆ ሪቬቱ (ሸራውን የያዘው የብረት ምስማር) ብቅ ካለ ቮላኖውን ይቦረቡረዋል። ካምቢዮው ሲወርድ ከሞተሩ ኋላ ዘይት የሚያፈስ ካለ አብሮ ይሠራ፣ አለዚያ አዲሱም ሸራ ዘይት ጠጥቶ ይንሸራተታል።