የቅርጫው ሥጋና የሩቁ ላብራቶሪ

ያ ጀማዓ! የወሎ ሰው፣ ዛሬ የምለው ሊከፋችሁ ይችላል። ቡናውን ከአቦል እስከ በረካ አብሬያችሁ የምጠጣ ስለሆንኩ ግን ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ባለፈው ክረምት ከደሴ ብዙም በማይርቅ ቀበሌ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን፣ አንድ ጎልማሳ ስልኩን ከእጅ ወደ እጅ እያዞረ ቪዲዮ ያሳየናል። ነጭ የለበሱ ሰዎች ከመስታወት ጀርባ ብልቃጥ ይነካካሉ። ድምፁ «ቀጣዩን ቫይረስ እየፈለፈሉልን ነው» ይላል። ወዲህ «አዑዙ ቢላህ!» ወዲያ «በስመ አብ!» ተባለ። እኔም ከንፈሬን መጠጥኩ።

ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ወሬ መጣ። የአንዱ ጎረቤት በሬ ማለዳ ደህና ውሎ ከሰዓት በኋላ እየተንቀጠቀጠ ወደቀ። «ሳይበክት!» ተባለና ቢላዋ ተሯሯጠለት፤ ተባረከ፤ በቅርጫ ተከፋፈለ። ደሙ ጠቁሮ አልረጋ ማለቱን ያረደው ሰው ራሱ ነው የነገረኝ። ሲነግረኝ እጅጌውን ሰብሰብ አድርጎ ክንዱን አሳየኝ። መሀሏ እንደ ከሰል የጠቆረ፣ ዙሪያዋ ያበጠ ቁስል ወጥታበታለች። «አታመኝም እኮ» አለ፣ ይህ ደግ ምልክት መስሎት። በግድ ጤና ጣቢያ ላክነው፤ መድኃኒት ጀምሮ ዳነ።

አባ ሰንጋ ነው። አያቶቻችሁ ስሙን ያወጡለት፣ እናንተም በስሙ የምታውቁት። ቫይረስ እንኳ አይደለም፤ ባክቴሪያ ነው። የእንስሳት ሐኪሙ ክትባቱን ይዞ ሲመጣ ግን «ከላብራቶሪ ያመጡትን ሊሞክሩብን ነው» ብላችሁ ከብቱን ወደ ገደሉ ነዳችሁት። ልጁ ቀኑን ሙሉ በረዶ የያዘ ሳጥኑን ተሸክሞ ዞሮ፣ ሁለት ላም ከትቦ ተመለሰ።

እኔም ከደሙ ንጹህ ነኝ አልልም። የቅርጫ ድርሻዬ ሲደርሰኝ በሬው ቆሞ ነበር ወይስ ወድቆ ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ነገር ግን አንድ ታሪክ ልንገራችሁና ፍረዱ።

እ.ኤ.አ. በ1979 በሶቪየት ኅብረት፣ ስቨርድሎቭስክ በምትባል ከተማ፣ ሰዎች በድንገት እየታመሙ መሞት ጀመሩ። በሽታው ይኸው የእኛው አባ ሰንጋ ነበር፤ ብቻ በሳንባ የገባ። መንግሥት «የታመመ ከብት ሥጋ በልተው ነው» አለ። ሐኪሙም ጋዜጣውም ይህንኑ ደገመ። ቢያንስ 66 ሰው ሞተ። እውነቱ ሌላ ነበር፦ ከተማዋ ውስጥ የጦር ሠራዊቱ ተቋም አባ ሰንጋን ለመሣሪያ ያመርት ነበር፤ ዱቄቱም አምልጦ ነፋስ ወደ ነፈሰበት አቅጣጫ ሄዶ ሰው ፈጀ። እ.ኤ.አ. በ1992 ቦሪስ የልትሲን ነበሩ የሠራዊቱ ጥፋት መሆኑን ያመኑት። እነሱ የላብራቶሪውን ጥፋት በሥጋ አሳበቡ። እኛ የሥጋውን ጥፋት በላብራቶሪ እናሳብባለን። እዚያ መንግሥት ነበር የዋሸው። እዚህ ግን ማንም ሳያስገድደን ራሳችንን የምንዋሸው እኛው ነን።

ፍርሃታችሁ ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። ፈንጣጣ በተፈጥሮው መንገድ የያዘው የመጨረሻው ሰው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1977 ሶማሊያ፣ መርካ ላይ ተገኘ። ዓለም ተገላገልን ሲል፣ ዓመት እንኳ ሳይሞላ እንግሊዝ አገር በርሚንግሃም ውስጥ አንዲት የሕክምና ትምህርት ቤት ፎቶ አንሺ በፈንጣጣ ሞተች። ከክፍሏ በታች ባለው ፎቅ ላይ ፈንጣጣ የሚጠናበት ላብራቶሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 ሳርስ የሚባለው የሳንባ በሽታ ከቤጂንግ ላብራቶሪ ወጥቶ ዘጠኝ ሰው ያዘ፤ የሞተችው የአንዷ ተመራማሪ እናት ናት፣ ልጇን ስታስታምም። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ሮተርዳምና ዊስኮንሲን ያሉ ተመራማሪዎች የወፍ ጉንፋኑን ኤች5ኤን1ን፣ ፌሬት በሚባል ሙጭልጭላ መሳይ እንስሳ ላይ፣ በትንፋሽ እንዲተላለፍ አደረጉት። ያኔ ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው ለሁለት ተከፍለው ተጨቃጨቁ፤ አሜሪካም እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2017 ለእንዲህ ያለው ጥናት ገንዘብ መስጠት አቆመች። ኮቪድ ከየት መጣ የሚለውም ነገር አልተዘጋም። የዓለም ጤና ድርጅት ያቋቋመው የባለሙያዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2025 ማስረጃው ወደ እንስሳት ያጋድላል ብሎ፣ ቻይና የጠየቅናትን መረጃ ስላልሰጠችን ግን ከላብራቶሪ አልወጣም ለማለት አልቻልንም አለ።

በየዓመቱ ህዳር 12 ቆሻሻ እያቃጠላችሁ የምታጥኑት የህዳር በሽታ፣ ያ በ1911 ዓ.ም. አገር የጨረሰው ጉንፋን፣ እሱም እ.ኤ.አ. በ2005 አሜሪካ ውስጥ ላብራቶሪ ገብቶ እንደገና ተሠርቷል። አላስካ ውስጥ በረዶ ሥር ከተቀበረ ሬሳ ሳንባ ቁራጭ ወስደው፣ ያን ያህል ሰው ለምን እንደገደለ ሊያዩ። ይህን ስሰማ እኔም ሰውነቴ ተንዘፍዝፏል።

ታዲያ ምኑ ላይ ነው ተግሳጹ? ፍርሃታችሁ ሰነፍ መሆኑ ላይ። «ጠላት ማነው?» ብሎ ይጀምርና እዚያው ይተኛል። በሩን ማን ይዘጋል፣ ሠራተኛው ሲታመም ለማን ይናገራል፣ መብራት ሲጠፋ ፍሪጁ ምን ይሆናል ብሎ አይጠይቅም። የበርሚንግሃሙም የቤጂንጉም ነገር የሰይጣን ሤራ አልነበረም፤ ቸልተኝነት ነው። ቸልተኝነትን ደግሞ እኛ ከማንም አንማርም።

ለነገሩ መቼ እንደምትጠይቁ አይቻለሁ። በ2014 ዓ.ም.ቱ ጦርነት የወሎ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ሲዘረፉ ስለ አልጋው፣ ስለ መድኃኒቱ፣ ስለ ጄኔሬተሩ አለቀስን፤ ልክም ነበር። ከላብራቶሪው ፍሪጅ ውስጥ ምን ነበር፣ ወዴት ተደፋ ብሎ የጠየቀ ግን አንድም ሰው አልገጠመኝም። እ.ኤ.አ. በ2023 ካርቱም ውስጥ ታጣቂዎች ብሔራዊ ላብራቶሪውን ሲይዙ የዓለም ጤና ድርጅት የጮኸው ለዚህ ነበር፤ የፖሊዮ፣ የኩፍኝና የኮሌራ ናሙና ውስጡ ነበር።

ቢሾፍቱን ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? ለሐይቁና ለሪዞርቱ ማለቴ አይደለም። በክፉ ቀን የቅድመ አያቶቻችሁን በሬ ጨርሶ ሰዉን ያለ ሞፈር ያስቀረው የከብት ደስታ በሽታ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም ጠፋ ተብሎ ታወጀ። የቫይረሱን ቅሪት በጥብቅ እንዲያስቀምጡ በዓለም መጀመሪያ ከተመረጡት አምስት ቦታዎች አንዱ እዚያ የሚገኘው የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከል ነው። ሰው አይዝም፤ አብሽሩ። ግን ኮቪድ መጀመሪያ ከታየባት ከቻይናዋ ውሃን ከተማ ይልቅ ይቀርባችኋል፤ ስለ በሩ፣ ስለ ጥበቃው፣ ስለ መብራቱ መጠየቅም መብታችሁ ነው። ለእንደራሴያችሁ ጻፉ። ደሴም ናሙና የሚመረመርባቸው ክፍሎች አሉ፤ ስለ እነርሱም ጠይቁ። የምትልኩትን ቪዲዮ ያህል አንድ ማመልከቻ ብትልኩ እኔ ዝም እላለሁ።

የአባ ሰንጋ ክትባትም ከዚያችው ከቢሾፍቱ ነው የሚመጣው። አዎ፣ ከላብራቶሪ ነው። እንዲዳከም የተደረገ አባ ሰንጋ ነው፤ ከብት እንዳይገድል ተደርጎ የተሠራ። «ላብራቶሪ» የሚለው ቃል ብቻውን የሚያስበረግጋችሁ ከሆነ፣ ክንዱ የቆሰለውን ሰው ያዳነው መድኃኒትም ከዚያው ዓይነት ቤት ነው የወጣው። ሐኪሙ ተመልሶ ይመጣል፣ ቀጠሮውን ቀበሌው ያውቀዋል። ከብቱን አውጡለት፤ ጥያቄ ካላችሁ ፊት ለፊት ጠይቁት። ልጁ የእናንተው ልጅ ነው፣ ሲጠየቅ አይከፋውም።

የወደቀ በሬ ስታዩ ደግሞ ቢላዋውን ተዉት። አትክፈቱት፣ አትግፈፉት፤ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩት፣ ለሐኪሙም ንገሩ። የአንድ በሬ ዋጋ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ለባለቤቱ በቅርጫው ፈንታ ማዋጣት እንችላለን፣ ለቀብርስ በቅሬ እናዋጣ የለ።

አባ ሰንጋ አፈር ውስጥ አሥርት ዓመታት ይተኛል። ያ በሬ የታረደበትን ቦታ ባለፈው ሳልፍ አይቼዋለሁ። ደሙ የፈሰሰበት ላይ ሣሩ ከሌላው ይልቅ ለምልሟል፤ ሁለት ጥጆች አሰማርታችሁበታል።