መርዶ ነጋሪ የሌለው ሞት

ባለፈው ሳምንት አራት ኪሎ ቡና እየጠጣን አንድ የሰፈራችን ልጅ ስልኩን አቀበለኝ። «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን እያት» አለኝ። በቴሌግራም የተላከለት የሥራ ውል ነው። ሩሲያ፣ የጥበቃ ሥራ፣ ደመወዝ በዶላር፣ ትኬት በአሠሪው። ይህን ያለው ደላላው ነው። ውሉ ራሱ ከላይ እስከ ታች በሩሲያኛ የተጻፈ ነው።

«ምን እንደሚል ታውቃለህ?»

«ደላላው አስረድቶኛል።»

ልጁ ሰነፍ አይደለም። በሲቪል ምህንድስና ከተመረቀ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ሲቪውን ይዞ ያልረገጠው ቢሮ የለም። «አገርህ ላይ ሠርተህ ብላ» ልለው አፌ አልደፈረም።

ሚያዝያ 2014 የሆነውን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ፋሲካ ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት የሩሲያ ኤምባሲ በር በወጣቶች ተሞልቶ ነበር። ዩክሬን ለሚዘምት 2,000 ዶላር ይከፈላል የሚል ወሬ በማኅበራዊ ሚዲያ ተነዝቶ ነው። በጊዜው ምንዛሪ ከ100 ሺህ ብር በላይ መሆኑ ነው። ኤምባሲው ወታደር እንደማይመለምል መግለጫ አወጣ። ብር ከተዳከመ ወዲህ ግን ያው 2,000 ዶላር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ያኔ ቢያንስ ሰልፉን ሁላችንም አየነው። ዛሬ ልጆቻችንን የሚያናግራቸው ሰው ማን እንደሆነ አናውቅም፤ ሁሉም በየስልካቸው ነው።

ሲያናግሯቸውም ጦርነት የሚል ቃል አይወጣቸውም። ጥበቃ፣ ሾፌር፣ ምግብ አብሳይ ነው የሚሉት። ህንድ በ2016 ወጣቶቿን በሥራና በትምህርት ስም አታለው ወደ ግንባር የላኩ ደላሎችን መመርመር ጀመረች። ኔፓል በዚያው ዓመት ዜጎቿ ጦር ሜዳ ሲሞቱባት፣ ወደ ሩሲያና ዩክሬን ለሚሄዱ ሠራተኞች ፈቃድ መስጠት አቆመች። የዩክሬን ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ደግሞ በ2018 መጀመሪያ ላይ ቢያንስ 1,436 ሰዎች ከ36 የአፍሪካ አገሮች ሄደው በሩሲያ በኩል እየተዋጉ ነው ብለዋል። ቁጥሩ የአንዱ ተዋጊ ወገን ነው። ግማሹን እንኳ ብናምን ስንት እናት ናት?

«አንድ ዓመት ብቻ እኮ ነው» አለኝ ልጁ። ፑቲን በመስከረም 2015 የክተት ድንጋጌ ካወጡ ወዲህ፣ ከሠራዊቱ ጋር ውል የፈረመ ሰው ዓመቱ ስለሞላ ብቻ አይሰናበትም። ክተቱ እስኪያበቃ ውሉ ይቀጥላል። መቼ እንደሚያበቃ የሚነግረው ደግሞ የለም።

«አያቶቻችንስ ኮሪያ ዘምተው የለ?» አለኝ ቀጥሎ። ዘምተዋል። ሐውልታቸውም አፍንጮ በር፣ ከተቀመጥንበት ብዙ ሳይርቅ ቆሟል። ቃኘው ሻለቃን ግን የላከው መንግሥት ነው። ከ120 በላይ ወታደሮች ወደቁበት፤ አንድም ምርኮኛ አልተያዘበትም፤ የወደቀ ጓዱንም ጥሎ አልመጣም። በቴሌግራም የሄደውን ልጅ ሬሳ ማን ያነሳዋል?

እኛ ሰፈር ሰው ሲሞት መርዶ በሌሊት ይነገራል። የዕድር ሰዎች ተጠራርተው፣ ጋቢያቸውን ደርበው በር ያንኳኳሉ። እናት አልቅሳ፣ ድንኳን ተጥሎላት፣ ጎረቤት ንፍሮ ይዞላት ሐዘኗን ትወጣለች። የእነዚህ ልጆች እናት ግን በየምሽቱ «ዛሬ ኦንላይን ገብቷል?» እያለች የታናሽ ወንድሙን ስልክ ትጠብቃለች። ማልቀስም ትፈራለች፤ ሟርት ይሆንባታል።

ያንኑ ዕለት ልጁን ይዤ አንድ ጎረቤታችን ዘንድ ሄድኩ። በደርግ ጊዜ ሶቭየት ኅብረት የተማሩ ጡረተኛ ሐኪም ናቸው። መነጽራቸውን አደረጉና ስልኩን ራቅ አድርገው ያዙት። ርዕሱን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ልጄ፣ ይሄ የጥበቃ ሥራ አይደለም» አሉት። «የውትድርና አገልግሎት ውል ነው የሚለው።»

ልጁ ዝም አለ። ቆይቶ ግን «ለማዘር ጥበቃ ነው ብያታለሁ እኮ» አለ።

እዚያ የተማሩ እንደሳቸው ያሉ አባቶችና እናቶች በየሰፈሩ አሉ። ዕድሮቻችን በስም ያውቋቸዋል። በሚቀጥለው የዕድር ስብሰባ ስማቸው ይነገር፤ ውል የተላከለት ልጅ ከመፈረሙ በፊት ማንን እንደሚያስነብብ ይወቅ። እኔ የኛን ሰፈር ዕድር ሰብሳቢ እሁድ አነጋግራለሁ።