አበዳሪዎቻችን ይመስገኑ

ሰው ሁሉ ወቃሽ ሆኗል፤ የሚያመሰግን ጠፋ። ዛሬ እኔ ላመስግን። ለድሃ አገሮች የአየር ንብረት ገንዘብ፣ ማለትም በአብዛኛው የሀብታሞቹ ጭስ ያመጣውን የአየር ለውጥ መቋቋሚያ፣ የሚሰጡትን ሀብታም መንግሥታት ማለቴ ነው። ቸርነት ከምድር ጠፋ የሚል ሰው የእነሱን ሒሳብ አያያዝ አላየም።

በ2009 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ኮፐንሃገን ላይ በተካሄደው የአየር ንብረት ጉባኤ ተሰብስበው፣ እስከ 2020 ድረስ በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር ወደ ማሰባሰብ እንደርሳለን ብለው ቃል ገቡ። 2020 ሲደርስ ገንዘቡ 83 ቢሊዮን ገደማ ነበር። ሆደ ባሻዎች ጎደለ ብለው አለቃቀሱ። ምን ያስቸኩላቸዋል? በ2022 ሞላ። እንዲያውም ተርፎ ወደ 116 ቢሊዮን ደረሰ። ሁለት ዓመት ቢዘገይ ምን አለበት!

ዛምቢያ ግን በዚያው በ2020 የ42.5 ሚሊዮን ዶላር የቦንድ ወለድ ሳትከፍል የ30 ቀን የእፎይታ ጊዜው አለፈባት። ወዲያው ዕዳዋን መክፈል ያቃታት አገር ተብላ ስሟ በዓለም ገበያ ተነሳ። እሷ ተበዳሪ ናት፤ ሥርዓት መማር አለባት።

ወደ ሒሳቡ እንመለስ፤ ጥበቡ ያለው እዚያ ነው። በ2022 ከመንግሥታትና ከልማት ባንኮች ከወጣው ገንዘብ 69 በመቶው ብድር ነበር። አንድ ዶላር ሲያበድሩ አንድ ዶላር ሰጠን ብለው ይመዘግባሉ። ተበዳሪው ሲመልስላቸው ግን ከመዝገቡ ላይ የሚቀነስ ነገር የለም። ገንዘቡ ወደ ኪሳቸው ይመለሳል፣ ቸርነቱ በመዝገብ ይኖራል። እንዲህ ያለ በረከት የትም አይገኝም።

ምን እንደሚመዘገብም ራሳቸው ናቸው የሚወስኑት። የዜና ወኪሉ ሮይተርስ በ2023 ባወጣው ምርመራ፣ ጣሊያን በእስያ ለሚከፈቱ የቸኮሌትና የአይስክሬም መደብሮች የሰጠችውን ገንዘብ በአየር ንብረት ፋይናንስ ቆጥራ ተገኝታለች። ቤልጂየም ደግሞ በአርጀንቲና ደን ውስጥ ለሚካሄድ የፍቅር ፊልም የዋለውን። ጃፓን ባንግላዴሽ ውስጥ ለሚሠራ የድንጋይ ከሰል ኃይል ማመንጫ። በሙቀት ጊዜ አይስክሬም አይጠቅምም የሚል ካለ እጁን ያውጣ። ከሰሉ ትንሽ ይከብዳል፤ እሱን ዝም ብዬ ልለፈው።

የሞዛምቢክን ነገር ግን ዝም ብዬ አላልፍም። በመጋቢት 2019 አይዳይ የተባለው አውሎ ነፋስ የቤይራን ከተማ አፈራረሰ። አገሪቱ ከ2017 ጀምሮ የቦንድ ዕዳዋን መክፈል አቁማ ነበር። ከአንድ ወር በኋላ የዓለም የገንዘብ ድርጅት ደረሰላት፤ የ118 ሚሊዮን ዶላር ብድር ይዞ። ለሐቁ፣ ወለድ አልነበረውም። ከብቶቹ ማሳህን የጨረሱብህ ጎረቤት ለዘር የሚሆን እህል ሲያበድርህ፣ ያለ ወለድ ከሆነ እጅ መንሳት ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል?

ገበያው ደግሞ ጥንቃቄ ያውቃል። ጎርፍና አውሎ ነፋስ የሚያሰጋው አገር አደገኛ ተበዳሪ ስለሆነ ወለዱ ከፍ ይልበታል። በደረቁ ዘመን ለግድብ ይበደራል፣ ግድቡን ገና ሳይጨርስ ጎርፉ ይመጣል፣ ጎርፉ በመምጣቱ ቀጣዩ ብድር ይወደዳል። ደግነቱ መፍትሔ ተገኝቷል። የካሪቢያኗ ደሴት ግሬናዳ በ2024 ቤሪል የተባለው አውሎ ነፋስ ሲመታት በቦንድ ውሏ ውስጥ ያለውን የአውሎ ነፋስ አንቀጽ ተጠቅማ ክፍያዋን አዘገየች። አዘገየች ነው ያልኩት። የተሰረዘ የለም። ደሴቲቱ ጣሪያዋን ስትመልስ ዕዳው ቆሞ ይጠብቃታል።

ምስጋናው ለሰጪ ብቻ ከሆነ ግፍ ነው። የተቀባይ ባለሥልጣናትም ይመስገኑ። ብድር ሲፈረም አዳራሹ በአበባ ይሞላል፣ ካሜራው ይበራል፣ የማታው ዜና ስለተገኘው ድጋፍ ያበስራል። ስለ ወለዱ የሚጠይቅ ጋዜጠኛ ደስታ የማይወድ ሰው ነው። ብድሩ መመለስ ሳይጀምር የሚሰጠው የእፎይታ ጊዜም የሚያልቀው ፈራሚው ሚኒስትር ጡረታ ከወጣ በኋላ ነው። ያኔ የሚከፍለው ዛሬ ዳዴ የሚለው ሕፃን ነው፤ እሱን ደግሞ ማንም ወደ ጉባኤ አይጠራውም።

በ2024 በአዘርባጃን ዋና ከተማ ባኩ በተካሄደው የአየር ንብረት ጉባኤ ላይ ድሃ አገሮች በዓመት 1.3 ትሪሊዮን ዶላር ያስፈልገናል አሉ። ጉባኤው ቀኑ አልፎበት እስከ ሌሊት ሲጨቃጨቅ ቆይቶ፣ በ2035 በዓመት 300 ቢሊዮን እንዲሆን ተስማማ። ከመንግሥትም ከግሉ ዘርፍም፣ ከተገኘበት ይምጣ ተባለ። ብድር ይሁን ስጦታ? አይ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ድግሱን ያበላሻል። 1.3 ትሪሊዮኑም አልተረሳም፤ ሁሉም ወደዚያ እንዲሠራ ጥሪ ቀርቧል። ላም አለኝ በሰማይ ብሎ የሚያላግጥ አይጠፋም።

እኔ ግን አንድ ሐሳብ አለኝ። ይህን የመሰለ የሒሳብ ጥበብ ድሃ አገሮች ለምን አይማሩትም? ከሦስት ቢሊዮን በላይ ሕዝብ የሚኖረው ለጤና ወይም ለትምህርት ከሚያወጡት ይልቅ ለወለድ የሚከፍሉት በሚበልጥ አገሮች ውስጥ ነው። ታዲያ ይህን ወለድ ለበለጸጉ አገሮች ያደረግነው ድጋፍ ብለው ይመዝግቡት። ጉባኤ ይጥሩ፣ ፎቶ ይነሱ፣ የየዓመቱን ድምር በትልቁ ጽፈው ይስቀሉ። አጣሪ ቢመጣ ደግሞ መልሱ የታወቀ ነው፤ ሰጪው ራሱ ነው የሚቆጥረው።