እርማት፦ ሮለር መቁጠር ኮምፓክሽን (የአፈር መጠቅጠቅን) መቆጣጠር አይደለም

«አዲስ የመንገድ ኢንስፔክተር ሮለሩ 8 ጊዜ መመላለሱን ከቆጠረ ለአፈር ሥራ ይበቃዋል» የሚለው አስተያየት በየሳይቱ የሚሰማ ነው፤ ግን ስህተት ነው። ለሁሉም የሚሠራ 8 የሚባል ቁጥር የለም። የምልልሱ ብዛት የሚወሰነው አስቀድሞ በሚሠራ የሙከራ ክፍል ላይ፣ በዚያው አፈር፣ በዚያው ሮለርና በዚያው ውፍረት ነው። ቦቴው ውሃ ካሳነሰ፣ ወይም ግሬደሩ 20 ሴንቲሜትር የተባለውን ሌየር (የአፈር ንጣፍ) 30 አድርጎ ከዘረጋ፣ ላዩ ብቻ ይጠነክርና ታቹ ልል ሆኖ ይቀራል።

ሠልጣኙ ኢንስፔክተር ደጋግሞ በእጁ ሊሠራው የሚገባው የሳንድ ኮን ሙከራ ነው፤ ይህም በተጠቀጠቀው ሌየር ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ መጠኑን በሚሞላው አሸዋ ለክቶ የአፈሩን ዴንሲቲ (ጥግግት) ማወቂያ ነው። አጠገቡ ሮለር እየነዘረ ከሆነ አሸዋው ይጠቀጠቃል፤ ጉድጓዱ ከእውነተኛ መጠኑ የሰፋ ይመስልና ደህና የነበረው ሥራ ይወድቃል። የባሰው ግን የእርጥበት ናሙናው ነው። እርጥብ ዴንሲቲው በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 2.10 ግራም፣ እርጥበቱ 12 በመቶ ከሆነ ደረቅ ዴንሲቲው 1.875 ነው፤ ከፕሮክተሩ (ላብራቶሪ ውስጥ ከተገኘው የአፈሩ ከፍተኛ ደረቅ ዴንሲቲ) 1.95 አንጻር 96 በመቶ ገደማ። ናሙናው ሳይከደን ፀሐይ ላይ ቆይቶ እርጥበቱ 8 በመቶ ተብሎ ከተመዘገበ ግን ውጤቱ 99.7 ይሆናል። ስፔሲፊኬሽኑ 97 ከጠየቀ፣ የወደቀ ሌየር አለፈ ማለት ነው።

105 በመቶ ሲያገኝም ደስ አይበለው። ብዙውን ጊዜ ማቴሪያሉ ተቀይሯል፣ ፕሮክተሩ ግን የድሮው ነው፤ ያኔ አዲስ ናሙና ወደ ላብራቶሪ መላክ አለበት።