የሚበላ ከሌለ ማን ነፍስ ይማር ይላል?

በእኛ ቅሬ፣ ማለትም በወሎኛው እድር፣ ሰው ሲሞት ብዙ ችግር የለም። ድንኳኑ አለ፣ ድስቱ አለ፣ ወንበሩ አለ። ሟች ክርስቲያን ከሆነ ሙስሊሙ መቃብር ይቆፍራል። ሟች ሙስሊም ከሆነ ክርስቲያኑ ቃሬዛ ይሸከማል። ደሴ እንዲህ ናት። ችግር የሚመጣው ልጁ አሜሪካ የሚኖር ሰው የሞተ ለታ ነው።

በቅርቡ የተለዩን ጋሼ ሀብታም ነጋዴ ነበሩ። አርባቸው ሲቃረብ የቅሬው ሴቶች ጌሾ መውቀጥ ጀመሩ። ይሄኔ ልጃቸው ደወለ። «ተዝካር አልፈልግም። ለአባቴ መታሰቢያ ፋውንዴሽን አቋቁሜ ለድሃ ተማሪ ስኮላርሺፕ እሰጣለሁ» አለ።

መጀመሪያ የመለሱለት ጌሾ ወቃጯ እናት ናቸው። «ሸጋ ነው ልጄ። ግን የሚበላ ከሌለ ማን ነፍስ ይማር ይላል?»

ልጁ ታግሶ አስረዳ። እሱ ያለበት አገር የአንድ ከተማ ሰው ገንዘቡን አንድ ላይ ያኖራል። ዋናው አይነካም። ከትርፉ ለተማሪ፣ ለክሊኒክ፣ ለቤተ መጻሕፍት ይሰጣል። ይህን በ1906 ዓ.ም. ክሊቭላንድ ላይ የጀመረው ፍሬደሪክ ጎፍ የሚባል የባንክ ሰው ነው። ሰውዬውን ያሳሰበው የሟቾች ኑዛዜ ነበር። ሀብታም ሲሞት ገንዘቡን ለአንድ ጉዳይ አስሮት ይሄዳል። ጉዳዩ ጊዜው ያልፍበታል፣ ገንዘቡ ግን እንደታሰረ ይቀራል። ስለዚህ የከተማው ኮሚቴ እንደየዘመኑ ችግር እያየ እንዲሰጥ አደረገ።

ሼኹ ፈገግ ብለው ሲሰሙ ቆዩ። «ይሄማ ወቅፍ ነው» አሉ። «ሰይዲና ዑመር ኸይበር ላይ መሬት ቢያገኙ፣ ነቢያችን ዋናውን ያዘው፣ ፍሬውን መፅውት አሏቸው። ያኔ ክሊቭላንድ የታለች?» ከዚያ ጠየቁ። «ትርፉ የወለድ ነው?» ልጁ «አዎ» አለ። «እንግዲያ እኔ የለሁበትም» አሉና ስልኩን ለጸሐፊው አቀበሉት።

ጸሐፊው ደግሞ ሂሳብ ያውቃል። ባንክ ለቁጠባ 7 በመቶ ሲከፍል በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ እንደነበር አልረሳም። «ዋናው አይነካም ትለኛለህ። እኛ ባንነካው ገበያው ይነካዋል!» አለ። በመጨረሻ ከጋሼ ሱቆች የአንዱ ኪራይ ለተማሪ ይሁን ተባለ። ሁሉም ተስማማ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ከቅሬያችን ድንኳን የበለጠ አስተማማኝ ፋውንዴሽን አይቼ አላውቅም። ይከራያል፣ ወለድ የለበትም፣ ማንም አይበላውም።

ስያሜው ወዲያው ጸደቀ። «በጋሼ እከሌ መታሰቢያ የሴት ልጆች ትምህርት ስኮላርሺፕ»። ይሄን ሲሰማ ሰፈሩ ሁሉ አቀርቅሮ ጫማውን ማየት ጀመረ። ጋሼ ትልቋን ልጃቸውን ከስምንተኛ ክፍል አስወጥተው ሱቅ ያስቀመጡ ሰው ናቸዋ! እሷም እዚያው ነበረች። ባነሩን ያሳተመችውም እሷ ናት። ዋጋ ተከራክራ ማስቀነስ ትችልበታለች።

ለነገሩ ስም ላይ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤትን ደሴ ውስጥ የማያውቅ የለም። ወይዘሮዋ የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የእቴጌ መነን እናት መሆናቸውን ግን ስንቱ ያውቃል? «የት ነው የተማርከው?» ሲባል «ስኂን» የሚል ሁሉ ግን ስማቸውን ያነሳል። ያለ ባነር።

መስፈርቱ ሁለት ነው፤ ጎበዝና ድሃ መሆን። ጎበዝነቱን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ይለካዋል። እንደ አገር የ2014ቱን ፈተና ያለፉት 3.3 በመቶ ናቸው። የ2016ቱን ደግሞ 5.4 በመቶ። ጦርነት ትምህርት ቤቱን ያወደመበት የወሎ ልጅ እንዴት አድርጎ እንደሚያልፍ ማንም አልጠየቀም። እናም የእኛ ስኮላርሺፕ ከሰፈሩ ያገኛቸው ተማሪዎች ሁለት ብቻ ሆኑ። ከአመልካቹ ኮሚቴው ይበዛል።

ድህነትን የሚለካው ግን ኮሚቴው ራሱ ነው። የቀበሌ ደብዳቤና ማህተም አላረካውም። «ቤት ለቤት ሄደን በዓይናችን እንይ» አለ።

የመጀመሪያዋ ልጅ ቤት ጦሳ ተራራ ግርጌ ነው። እናትየው እንግዳ ሊመጣ ነው ሲባሉ ምን ያድርጉ? ዱቄት ተበደሩ፣ ስኳር ተበደሩ፣ ስኒ ተዋሱ። ቄጤማ ተጎዘጎዘ፣ እጣን ጨሰ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ሰብሳቢው «ኑሮ እንዴት ነው?» ብለው ጠየቁ። እናትየው «አልሃምዱሊላህ! ምን ጎድሎብን!» አሉ። እንግዳ ፊት ችግር ይወራል እንዴ? የሂሳብ ሹሙ ሦስተኛውን ስኒ እየጠጣ በመዝገቡ ጻፈ፦ «ዳቦ በሽ በሽ። ስኒ ሙሉ ስድስት። ደህና ይመስላሉ።»

ሁለተኛው ቤት የአንዲት ሻጭ ቤት ነው። ሴትየዋ ዓለም የገባት ናት። ቴሌቪዥኑን ጎረቤት አስቀምጣዋለች። ግድግዳው ላይ ቦታው አራት ማዕዘን ሆኖ ነጥቶ ይታያል። «ቡና እንኳን የለንም» ብላ አለቀሰች። ሰብሳቢው እንባቸው መጣ። «ወሎ ውስጥ ቡና የሌለው ቤት! ከዚህ የባሰ ምን ይመጣል?» ሙሉ ነጥብ ሰጧት።

ጉዳዩ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። ማታ የሂሳብ ሹሙ ቤቱ ሲገባ ግን ሚስቱ ስኒ ታጥባለች። «ያቺ ሚስኪን ስኒዬን አሁን መለሰችልኝ፤ እንግዳ መጥቶባት ነበር» አለችው። ሰውየው ለካ የጠጣው በራሱ ስኒ ነው። ስንት ዘመን ጠጥቶበት አላወቀውም። በማግስቱ ነጥቡ ተገለበጠና የጦሳዋ ልጅ አለፈች።

ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው በወጪ መጋራት ነው፤ ተመርቀህ ስትሠራ ትከፍላለህ። ስለዚህ ልጅቷ የቸገራት መሳፈሪያ፣ ብርድ ልብስና የኪስ ገንዘብ ነው። የተሰጣት ግን በር የሚያህል የካርቶን ቼክ ነው። የባጃጁ ሹፌር የሁለት ሰው ሂሳብ አስከፈላት።

ርክክቡ ድንኳን ውስጥ ነበር። ጌሾው ከተወቀጠ ወዲያ ምን ይደረግ? ጠላው ተጠመቀ። ሁለት በግም ታረደ፤ አንዱ ለክርስቲያን፣ አንዱ ለሙስሊም። ልጁ ከአሜሪካ አዋጅ ቁጥር 1113/2011ን አስታወሰን። አዋጁ እድርና እቁብን አይነካም፤ ድርጅት ልሁን ካልክ ግን የአስተዳደር ወጪህ ከገቢህ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። ጸሐፊያችን አልደነገጠም። በጎቹን «አቅም ግንባታ» በሚለው ርዕስ ስር መዘገባቸው።

ልጁ ቪዲዮውን አይቶ በድጋሚ ደወለ። «ተማሪዋ ለምን አታለቅስም? ቼኩን ስትቀበል ትንሽ እንባ ቢኖር…» ጌሾ ወቃጯ እናት ስልኩን ቀሙ። «አብሽር ልጄ። ሰው በልቶ ነፍስ ይማር ብሏል። ልቅሶውን ቀብር ላይ ጨርሰነዋል።»

ስብሰባው ሊበተን ሲል የጋሼ ትልቋ ልጅ እጇን አወጣች። «ይሄ ስኮላርሺፕ ለማታ ተማሪ ይሆናል?» ማን ልትማር እንደሆነ ተጠየቀች። «እኔ» አለች፤ «ከዘጠነኛ ልጀምር ነው።»

ኮሚቴው ተያየ። ቅፁ ላይ የዕድሜ ገደብ አለ። ደግሞም የሀብታም ልጅ ናት፤ የሱቁ ኪራይ ራሱ ከአባቷ የመጣ ነው። ብዙ ተከራክረው በመጨረሻ ቤቷ ሄደው በዓይናቸው ሊያዩ ወሰኑ። ቀኑን ገና አልቆረጡም። ቡና እንደምታፈላ ግን ጠይቀው አረጋግጠዋል።